«የመንገድ ጠብ» አልነበረም፦ በሙሉጌታ ሥራው ጉዳይ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በሙሉጌታ ሥራው ግድያ ምክንያት የተመሠረተውን የፍትሐ ብሔር ክስ «ጠበቃ ያቀናበረው ትርዒት» ብሎታል። የጽሑፉ መነሻ የከሳሽ ወገን ዋና ጠበቃ የነበረው ሞሪስ ዲስ ክሱን እንዴት እንዳሸነፈ የተረከበት፣ በ1993 የታተመ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን በጥንቃቄ ማንበባቸው ያስታውቃል። ብዙዎቻችን ያላነሣነውን ጥያቄ ማንሣታቸውንም አከብራለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው፤ ከስህተቱም አንዳንዱ ሟቹንና ቤተሰቡን የሚጎዳ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጥ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሙሉጌታ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ይኖር የነበረ ወጣት ነው። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ነበረው። ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ በእኛ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ሊያደርሱት መጥተው ደጁ አጠገብ ቆመው ሳለ «ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድ» የሚባል የስኪንሄድ፣ ማለት ራሳቸውን የሚላጩ የነጭ ዘረኛ ወጣቶች፣ ቡድን አባላት ደረሱባቸው። ኬኔት ሚዬስኪ የተባለው በቤዝቦል ዱላ የሙሉጌታን ራስ ደጋግሞ መታው። ሙሉጌታ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሚዬስኪ በነፍስ ግድያ፣ ካይል ብሩስተርና ስቲቨን ስትራሰር ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለ የግድያ ወንጀል ጥፋተኛነታቸውን አምነው ተፈረደባቸው።

ከዚያ በኋላ የሟቹ አጎት የውርሱ ወኪል ሆኖ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርና አንታይ ዲፋሜሽን ሊግ በተባሉ ዘረኝነትን የሚቃወሙ ድርጅቶች ጠበቆች አማካይነት የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። ክሱ የቀረበው በገዳዮቹ ላይ ብቻ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ፎልብሩክ ተቀምጦ «ዋይት ኤሪያን ሬዚስታንስ»፣ በምኅጻሩ «ዋር» የተባለውን የነጭ ዘረኞች ድርጅት ይመራ በነበረው ቶም ሜትዝገር፣ የወጣት ክንፉን ይመራ በነበረው ልጁ ጆን ሜትዝገርና በራሱ በድርጅቱ ላይም ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን 1990 የፖርትላንዱ ጁሪ፣ ማለት ከተራው ሕዝብ ተመርጦ ፍርድ የሚሰጠው ቡድን፣ ሜትዝገሮችን ተጠያቂ አደረገ፤ በተከሳሾቹ ላይ በጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደባቸው።

ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ግድያው ሰካራም ጎረምሶች በመንገድ ላይ የተጣሉበት አጋጣሚ እንጂ የታቀደ የዘር ጥቃት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ገዳዮቹ እስር ቤት ገብተው ሳለ ሌላ ክስ መክፈት በደም መነገድ ነው። ሦስተኛ፣ ሜትዝገር ሌላ ግዛት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የተቀጣው በተናገረው ነገር ነው። አራተኛ፣ ጠበቃ ያልነበረው ተከሳሽ በከዳተኛ ምስክር ቃል ተረታ። አምስተኛ፣ ገንዘቡ ወረቀት ላይ ቀረ፤ የተገኘውንም ጠበቃው ወሰደው። በመጨረሻም የጠበቃው ተረክ ራስን ማወደስ ነውና ልንተማመንበት አይገባም ይላሉ። የጸሐፊውን ሐሳብ አላዛባሁም ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ በጣም ያሳዘነኝም እሱ ነው። እውነት ነው፣ ልጆቹ ሙሉጌታን ስሙን አውቀው፣ አድራሻውን ይዘው፣ አድፍጠው አልጠበቁትም። መገናኘታቸው አጋጣሚ ነበር። በጠባቡ መንገድ ላይ መኪና ለማሳለፍ በተነሣ ንግግር ነገሩ መጀመሩም ተጽፏል። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። አጋጣሚ መገናኘትና አጋጣሚ መግደል ግን ለየቅል ናቸው። በመንገድ ተጣልተው የሚጋጩ ሰዎች ይሰዳደባሉ፣ ይደባደባሉ፣ ይለያያሉ። እዚህ ግን አንዱ ወገን ዱላ ይዞ ነበር የሚዞረው፤ ሌላው ባዶ እጁን ነበር። መኪናው ውስጥ የነበሩት ጓደኞቹም ከጥቃቱ አላመለጡም፤ የመኪናው መስተዋት በዱላ ተሰባብሯል። ሙሉጌታን የመታው ሰው ከሙሉጌታ ጋር ግብግብ የገጠመው ሰው አልነበረም። ሌላው ሲታገለው እሱ ከኋላ መጥቶ ነው ራሱን ያለው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚዬስኪ ጥፋቱን ሲያምን ሙሉጌታን የገደለው በዘሩ ምክንያት መሆኑን ጭምር አምኗል። ይህ የጠበቃው ተረክ አይደለም። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ከመታየቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ዲስ ገና ችሎት ሳይቆም፣ በወንጀሉ መዝገብ የሰፈረ የገዳዩ የራሱ ቃል ነው። ገዳዩ «በዘሩ ምክንያት ነው» ካለ በኋላ እኛ፣ ያውም በአማርኛ፣ «የመንገድ ጠብ ነው» የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። ጸሐፊው ይህን ቃል አላነሡትም። አላገኙት ይሆናል፤ መጥፎ ነገር አልጠረጥርም። ነገር ግን እሱን ሳያነሡ የመጀመሪያ ነጥባቸውን ማቆም አይችሉም።

«ተፈርዶባቸው ሳለ ሌላ ክስ ለምን?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የወንጀል ክስ የመንግሥትና የተከሳሹ ጉዳይ ነው፤ ዓቃቤ ሕግ ያልከሰሰውን ሰው ፍርድ ቤት ሊፈርድበት አይችልም። ሜትዝገሮች በሙሉጌታ ሞት በወንጀል አንድ ቀንም አልተከሰሱም። ስለዚህ ስለ እነሱ «ሁለተኛ ክስ» የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይኸው ነበር። ለሚዬስኪና ለብሩስተርም ቢሆን እስራቱ ለመንግሥት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ አባቱን ላጣው ሕፃን የሚከፈለው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማየት አሜሪካ ብቻ የፈጠረው ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ሦስቱም ልጆች ስላመኑ የወንጀል ችሎት አልተካሄደም። ምስክር አልተሰማም፣ ማስረጃ በአደባባይ አልተዘረጋም። ኢስት ሳይድ ዋይት ፕራይድን ማን አደራጀው? ጽሑፉን ማን ላከላቸው? ከካሊፎርኒያ ማን መጣ? እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ዳኛ ፊት ያነሣቸው አልነበረም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ነገሩ ከሥሩ የተጠየቀው በፍትሐ ብሔሩ ችሎት ነው። ያ ክስ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ጸሐፊውም እኔም የምንከራከርበት መዝገብ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። «ሜትዝገር የተቀጣው በንግግሩ ነው» የሚለውን ክስ ቀላል አድርጌ አላየውም፤ በአሜሪካም የመናገር ነጻነት ተሟጋቾች ያኔውኑ ስጋታቸውን ገልጸውበታል። ስጋቱም ምክንያት አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 በብራንደንበርግ ጉዳይ፣ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር መሪ የነበረ ሰው ባቀረበው ይግባኝ፣ መንግሥት ሰውን በጥላቻ ንግግሩ ብቻ ሊቀጣው አይችልም ብሏል፤ ንግግሩ ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት እንዲፈጸም የታለመና ያንንም ሊያስከትል የሚችል ካልሆነ በስተቀር። በ1982 ደግሞ በክሌይቦርን ሃርድዌር ጉዳይ፣ በሚሲሲፒ ነጭ ነጋዴዎች የጥቁሮች መብት ድርጅት የሆነውን ኤንኤኤሲፒን ባካሄደው የገበያ አድማ ምክንያት ካሳ ጠይቀው አሸንፈው የነበረውን ፍርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። የማኅበር አባል መሆን ወይም ኃይለኛ ንግግር ማድረግ ብቻውን ሌሎች ለፈጸሙት ጥቃት ዕዳ አያስከፍልም ነው ያለው። ዛሬ በሜትዝገር ላይ የተነሣ የካሳ ክስ ነገ በመብት ታጋይ ላይ ሊነሣ ይችላል የሚል ሰው ከባዶ ሜዳ አልተነሣም።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰውዬው ያደረገው ነገር መናገር ብቻ ከሆነ ነው። ሜትዝገር በቴሌቪዥን ሲያወራ ቢኖር፣ ጋዜጣውን ሲያሳትም ቢኖር፣ ፖርትላንድ ያሉ ልጆችም ያንን ሰምተው በራሳቸው ተነሥተው ቢገድሉ ኖሮ እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆም ነበር። ለጁሪው የቀረበለት ታሪክ ሌላ ነው። የዋር የወጣት ክንፍ ምክትል የነበረው ዴቭ ማዜላ ግድያው ሊፈጸም ሳምንታት ሲቀሩት ከካሊፎርኒያ ወደ ፖርትላንድ መጣ። የመጣው ለጉብኝት አልነበረም። ጆን ሜትዝገር ለፖርትላንዶቹ ስኪንሄዶች በጻፈው ደብዳቤ ማዜላን አስተዋውቆ፣ አሠራራችንን ያሳያችኋል ብሎ ነው የላከው። ማዜላ ደርሶ ልጆቹን ሰበሰበ፣ አደራጀ፣ የድርጅቱን ጽሑፍ በተነ። በችሎት ቆሞ ሲመሰክርም ልጆቹን ለጥቃት ያነሣሣሁት ሜትዝገሮች ባስተማሩኝ መንገድ ነው አለ። ከግድያው በኋላ ደግሞ ቶም ሜትዝገር በስልክ በሚያስተላልፈው መልእክት ስኪንሄዶቹ የዜግነት ግዴታቸውን እንደተወጡ አድርጎ ተናግሯል።

ደብዳቤውን ለብቻው አስቡት። አንድ መሪ ስሙን አስፍሮ፣ ለተወሰኑ ሰዎች፣ በተወሰነ ከተማ፣ የራሱን ሹም «እሱን ተቀበሉ፣ ከእሱ ተማሩ» እያለ የጻፈው ወረቀት ነው። ይህ ንግግር ሳይሆን ውክልና ነው። አንድ ድርጅት ወኪሉን ልኮ ወኪሉ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ድርጅቱ እንደሚጠየቅ ማንኛውም የንግድ ሰው ያውቃል። የጭነት ድርጅት ሾፌሩ ሰው ሲገጭ «እኔ ቢሮ ነበርኩ፣ መሪውን አልያዝኩም» ብሎ አያመልጥም። ጁሪው የተጠየቀውም ይኸንኑ ነው፦ ማዜላ የሜትዝገሮች ወኪል ነበር ወይ? ያበረታታው ጥቃት የተላከበት ሥራ አካል ነበር ወይ? ያ ማበረታታትስ ለሙሉጌታ ሞት ምክንያት ሆኗል ወይ? ከአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት አሥራ አንዱ በሜትዝገሮች ላይ ፈረዱ። አንዱ አልተስማማም፤ ያ አንድ ድምፅም ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ይመሰክራል።

«ሌላ ግዛት ውስጥ ነበር» የሚለው ክርክር የሚደናቀፈውም እዚሁ ላይ ነው። የርቀት ነገር ሰውን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ነፍሰ ገዳይ የሚልክ ሰው ሁሉ ነጻ ይሆን ነበር። ቶም ሜትዝገርም ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለራሱ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የካሊፎርኒያ ኩ ክለክስ ክላን መሪ ሆኖ ያገለገለ፣ በ1980 ለአሜሪካ ምክር ቤት ለመወዳደር በፎልብሩክ አካባቢ የዴሞክራቶችን የእጩ ምርጫ ያሸነፈ፣ ስኪንሄድ ወጣቶችን መመልመል ሥራዬ ብሎ የያዘ አደራጅ ነበር።

ስጋቱን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ጁሪ ለቀናት የጥላቻ ጽሑፍና የቴሌቪዥን ቅጂ ሲያይ ከርሞ፣ በመጨረሻ «ንግግሩን ተዉና ውክልናውን ብቻ መዝኑ» ሲባል ልቡን እንዴት ይከፍለዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬም መልስ ያገኘ አይመስለኝም። በእኔ እምነት ደብዳቤውና የማዜላ ጉዞ ባይኖሩ ኖሮ ፍርዱ መቆም አልነበረበትም። ስላሉ ነው የቆመው። የኦሪገን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1993 አጸናው፤ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1994 ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

ስለ ምስክሩና ስለ ጠበቃ እጦት። ማዜላ ንጹሕ ሰው አልነበረም። ራሱ በዘር ጥቃት ውስጥ የኖረ፣ ትናንት ያገለገላቸውን ሰዎች ዛሬ የሚመሰክርባቸው ወጣት ነበር፤ ጸሐፊው ቃሉን በጥርጣሬ ማየታቸው ትክክል ነው። እኔም በእሱ ቃል ብቻ ማንንም አልፈርድም። ነገር ግን ጸሐፊው የሚፈልጉት ዓይነት ምስክር ከየት ይመጣል? የስኪንሄድ ስብሰባ ውስጥ ማን ምን እንዳለ የሚያውቀው ስብሰባው ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ ጨዋ ጎረቤት እዚያ አይገኝም። እንዲህ ያለ ምስክር ሲመጣ ጥያቄው «ንጹሕ ነው ወይ?» ሳይሆን «ቃሉን የሚደግፍ ሌላ ነገር አለ ወይ?» ነው። አለ። የመጣበት ጊዜ ይታወቃል፤ ማን እንደላከው የሚናገረው ደብዳቤ በላኪው እጅ የተጻፈ ነው፤ ሜትዝገር ከግድያው በኋላ ያለውን የተናገረው በራሱ አንደበት ነው።

የአላባማው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ1981 ማይክል ዶናልድ የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት በሞቢል ከተማ በክላን አባላት ተገድሎ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። እናቱ፣ ወይዘሮ ቢዩላ ሜይ ዶናልድ፣ በዚሁ በሞሪስ ዲስ ጠበቃነት ዩናይትድ ክላንስ ኦቭ አሜሪካ የተባለውን ድርጅት ከሰሱ። እዚያም ከዋና ምስክሮቹ አንዱ ከገዳዮቹ የሆነ ሰው ነበር፤ በችሎት ቆሞ ተናዘዘ። በ1987 አባላቱ ሁሉ ነጮች የነበሩ ጁሪ 7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ያንን ምስክር «እጁ የቆሸሸ ነው» ብሎ የሚጥል ሰው የዶናልድን እናት ባዶ እጃቸውን ሊሸኛቸው ነው።

ጠበቃ አለመኖሩን በተመለከተ ግን ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። ሜትዝገርና ልጁ ራሳቸው ቆመው ምስክር ጠየቁ፣ ለጁሪውም ራሳቸው ተናገሩ። ባንድ በኩል የሁለት ትልልቅ ድርጅቶች የተደራጀ አቅም፣ በሌላ በኩል ኑሮው ቴሌቪዥን መጠገን የነበረው ሜትዝገር። ሚዛኑ እኩል አልነበረም፤ ጥሩ ጠበቃ ቢኖራቸው ክርክሩ ይበልጥ ይጠራ ነበር፤ እውነቱም አብሮ ይጠራ ነበር። ይሁንና ጠበቃ ማጣት ፍርዱ አስቸጋሪ ነበር ያሰኛል እንጂ ሐሰት ነበር አያሰኝም። ደብዳቤውን የትኛውም ጠበቃ ሊያጠፋው አይችልም ነበር።

ስለ ገንዘቡ ጸሐፊው የጻፉት ላይ ቁጥሩ ከቁጥር ጋር ተደባልቋል። ፍርዱ እንዲህ ነው የተከፋፈለው፦ 2.5 ሚሊዮኑ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ነው። ቀሪው 10 ሚሊዮን የቅጣት ካሳ፣ ማለት አጥፊውን ለመቅጣት በካሳው ላይ የሚጨመር ገንዘብ፣ ነው፤ በቶም ሜትዝገር 5 ሚሊዮን፣ በዋር 3 ሚሊዮን፣ በጆን ሜትዝገር 1 ሚሊዮን፣ በሚዬስኪና በብሩስተር ደግሞ በእያንዳንዳቸው 500 ሺህ። ያ ሁሉ ገንዘብ እንደማይሰበሰብ ፍርዱ በተነበበበት ቀን ሁሉም ያውቅ ነበር። የሜትዝገር ሀብት ቤቱና የቴሌቪዥን ጥገና ሥራው ነበሩ። እስር ቤት ያለ ሰውማ ምን አለው? ስለዚህ «12 ሚሊዮኑ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ የትም አልገባም፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

«ወረቀት ላይ ቀረ» ሲሉ ግን ይስታሉ። የሜትዝገር የፎልብሩክ ቤት ለዕዳው ተሽጧል፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ለቤት ባለቤት የሚጠብቅለትን ድርሻ ወስዶ የቀረው ወደ ዕዳው ሄዷል። ከዚያም በኋላ የሚያገኘው ገንዘብ ለዓመታት ለዚህ ዕዳ ሲፈለግ ኖሯል። አንድን ድርጅት የሚያቆመው ማተሚያው፣ ፖስታው፣ የቴሌቪዥን ቅጂው፣ የጉዞ ገንዘቡ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ማዜላን የሚልክ ሰው የአውቶቡስ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ በዕዳ የተያዘ ድርጅት ሌላ ማዜላ እንደ ልቡ አይልክም። በዶናልድ ጉዳይም ክላኑ በተስካሉሳ የነበረውን ዋና ጽሕፈት ቤቱን ሕንፃ ለእናትየው አስረክቧል። ከ7 ሚሊዮኑ የተገኘው ያ ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል፤ እናትየው ግን ከሽያጩ ቤት ገዙበት፤ ድርጅቱም ከዚያ ወዲያ አላንሰራራም። ሜትዝገርስ? እሱ እስከ መጨረሻው አልተጸጸተም፤ በ2020 እስኪሞት ድረስ መልእክቱን ማሰራጨቱንም አልተወም። ክሱ ሰውየውን አልለወጠውም፤ እጁን ግን አሳጥሮታል።

«የተገኘውን ጠበቃው ወሰደው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቀላሉ የማይታለፍ ነው። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ከደንበኞቹ የጥብቅና ክፍያ አይወስድም፤ ከፍርዱም ድርሻ አልነበረውም። የተሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ ለሟቹ ልጅ ነው የዋለው። ጸሐፊው ለማለት የፈለጉት ድርጅቱ እንዲህ ያሉ ድሎችን እያሳየ ከለጋሾች ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል ከሆነ፣ እሱ እውነት ነው፤ ድርጅቱ ባከማቸው ሀብት ለረጅም ዘመን ሲተች ኖሯል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከለጋሽ ኪስ የወጣ ገንዘብና ከሙት ልጅ አፍ የተነጠቀ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ያንን ልዩነት ሳይጠብቁ መጻፍ የቤተሰቡን ስም ያጎድፋል፤ «የወገናቸውን ደም ሸጡ» የሚል አስተያየት የሚሰጡ አንባቢዎችን ያፈራውም ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው።

የጠበቃው ተረክ ራሱን ከፍ ያደርጋል የሚለውን እቀበላለሁ። ያሸነፈ ጠበቃ የጻፈው የችሎት ታሪክ በባሕሪው ጠበቃውን መሃል ያስቀምጣል፤ አንባቢ ይህን አውቆ ነው ማንበብ ያለበት። ሞሪስ ዲስ በ2019 ራሱ ከመሠረተው ድርጅት ተባሯል፤ የተባረረውም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስላለው አያያዝ ቅሬታ በተነሣበት ወቅት ነው። ጸሐፊው ይህን ማንሣታቸው አያስወቅሳቸውም። ከዚህ ተነሥተው ፍርዱን መጠራጠራቸው ግን አያስኬድም። ፍርዱን የሰጠው ዲስ አይደለም። ችሎቱን የመሩት ዳኛ አንሰር ሃገርቲ ናቸው፤ የፈረደው ጁሪ ነው፤ ያጸናው ይግባኝ ሰሚው ነው። የሚዬስኪ የእምነት ቃልና የጆን ሜትዝገር ደብዳቤ ዲስ ጥሩ ሰው ሆነም አልሆነም ያው ናቸው።

ይልቅ ጽሑፉ ካነሣቸው ነገሮች ሁሉ ብርቱ የሚመስለኝ፣ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ብቻ ነክተውት ያለፉት ነው፦ ሙሉጌታ በጠበቃው ታሪክ ውስጥ ጠፋ ያሉት። እውነት አላቸው። ስለ ሜትዝገር ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ዲስ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ስኪንሄዶቹ አስተዳደግ ሳይቀር ተጽፏል። ስለ ሙሉጌታ በአማርኛ ያነበብነው በጣም ጥቂት ነው። ፖርትላንድ ግን አልረሳችውም፤ በ2018፣ በተገደለ በሠላሳ ዓመቱ፣ ከተማዋ በወደቀበት ሠፈር የመንገድ ምልክቶች ላይ ስሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጽፋ ሰቅላለች። አጎቱም ክሱን ይዞ የቆመው በሐዘን ላይ ሆኖ፣ በባዕድ አገር ፍርድ ቤት፣ ገዳይ በሚያደራጁ ሰዎች ላይ ነው። እኛ የእነሱን ታሪክ ስላልጻፍን ጠበቃው ጻፈው። ጸሐፊው ያን ጉድለት ለመሙላት ቢነሡ የመጀመሪያው አንባቢያቸው እኔ ነኝ።

እስከዚያው ሁለት እርማት እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። «የተገኘውንም ጠበቃው ወሰደው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ይውጣ። «የመንገድ ጠብ» በሚለው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሚዬስኪ ሙሉጌታን በዘሩ ምክንያት መግደሉን ማመኑ ይጨመር። ቀሪው የአመለካከት ልዩነት ነው፤ በእሱ ላይ ገና ብዙ ልንከራከር እንችላለን።